መስመር ሲቆረጥ ማን ይቋረጣል? ስለ ኔትወርክ ቶፖሎጂ

ባንክ ገብተው ወረፋ ጠብቀው መስኮቱ ጋ ሲደርሱ «ሲስተም የለም» ተብለው ያውቁ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ዙሪያዎን ቢያስተውሉ ግር የሚል ነገር ያያሉ። ኮምፒውተሮቹ በርተዋል፤ ፕሪንተሩ የታዘዘውን ያትማል፤ የሥራ አስኪያጁ ማሽን ከገንዘብ ከፋይዋ ማሽን ጋር ፋይል ይለዋወጣል። የጠፋው ቅርንጫፉን የደንበኞች ሒሳብ ካለበት ማዕከል ጋር የሚያገናኘው አንድ መስመር ብቻ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ የአንዷ ሠራተኛ ኮምፒውተር ለብቻው ይቋረጥና የቀሩት ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

አንዱ ብልሽት አንድ ሰው ላይ ሲያበቃ ሌላው ቅርንጫፉን በሙሉ የሚያቆመው ለምንድን ነው? ማሽኖቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ መልሱን ከማሽኖቹ ጥራት አናገኘውም። መልሱ ያለው ማን ከማን ጋር፣ በማን በኩል እንደተያያዘ ላይ ነው። ይህ የመያያዝ ቅርጽ ቶፖሎጂ ይባላል።

ከመቀጠላችን በፊት ሁለት ቃላት እንያዝ። መልእክት የሚልክ፣ የሚቀበል ወይም የሚያሳልፍ ማንኛውም መሣሪያ፣ ኮምፒውተርም ይሁን ስልክ ወይም ራውተር፣ ኖድ (አንጓ) ይባላል። ሁለት ኖዶችን የሚያገናኘው ደግሞ ሊንክ (ማያያዣ) ነው፤ የመዳብ ሽቦ፣ የፋይበር ገመድ ወይም የሬዲዮ ሞገድ ሊሆን ይችላል። ቶፖሎጂ ርቀትን አይለካም። አዲስ አበባ ውስጥ ከመገናኛ ወደ ጀሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ኪሎ ሜትሩን አይጠይቅም፤ «ቀጥታ ይሄዳል ወይስ የት ወርጄ ልቀይር?» ነው የሚለው። የኔትወርክ ባለሙያም ንድፍ ሲያይ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። (ርቀትንና ቦታን ችላ ማለታችን በኋላ ዋጋ ያስከፍለናል፤ እንደርስበታለን።)

ለማንኛውም ቅርጽ ሁለት ጥያቄ ያቅርቡለት። ይህን ሊንክ ከማን ጋር እጋራለሁ? ይህ ሊንክ ወይም ይህ ኖድ ቢጠፋ ማን ከማን ይለያያል? የገንዘብ ጥያቄ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ የተሻለ መልስ የሚሰጥ ቅርጽ ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ገመድ ይፈልጋልና። ጥያቄዎቹን በተግባር ለማየት ዛሬ ቢሮዎቻችንን ሁሉ የሞላውን ኢተርኔትን እንከተል፤ በአንድ የሥራ ዘመን ውስጥ ቅርጹን ደጋግሞ የለወጠ ቴክኖሎጂ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል፣ ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ የቢሮ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኙበት መንገድ ነደፉ። አንድ ወፍራም ገመድ በሕንፃው ውስጥ ይዘረጋል፤ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በየቦታቸው እሱ ላይ ይቀጠላሉ። ይህ ቅርጽ ባስ ቶፖሎጂ ይባላል። ማዕከል የለውም፤ የሚመራ አለቃም የለውም። አንዱ ሲናገር ምልክቱ በገመዱ ሙሉ ርዝመት ይሄዳልና ሁሉም ይሰማዋል። መልእክቱ ላይ የተቀባዩ አድራሻ ስለተጻፈ ባለቤቱ ያነሳዋል፣ ሌሎቹ ይተዉታል።

ለመጀመሪያው ጥያቄያችን ባስ የሚሰጠው መልስ «ከሁሉም ጋር ትጋራለህ» የሚል ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ከተናገሩ ምልክቶቻቸው ተደበላልቀው ሁለቱም መልእክቶች ይበላሻሉ፤ ይህ ግጭት ይባላል። መፍትሔው ቀላል ሥነ ሥርዓት ነበር። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ መስመሩ ጸጥ ካለ ይናገራል፤ ግጭት ከተፈጠረ ያቆምና በዕጣ ለወጣለት ጥቂት ጊዜ ጠብቆ እንደገና ይሞክራል። የጥበቃው ጊዜ በዕጣ መሆኑ ዋናው ብልሃት ነው፤ ሁለቱም እኩል ቢጠብቁ እንደገና እኩል ተነሥተው ይጋጩ ነበር።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ግን መጥፎ ነው። የኤሌክትሪክ ምልክት ክፍት የሆነ የገመድ ጫፍ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ይነጥራል፤ የነጠረውም ከኋላው ከሚመጣው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ በባሱ ሁለት ጫፎች ላይ ምልክቱን የሚውጡ ተርሚኔተር የተባሉ ትናንሽ ማቆሚያዎች ይገጠማሉ። አሁን ገመዱ መሐል ላይ ተቆረጠ እንበል። ሁለት ግማሽ ኔትወርኮች ይቀራሉ ብለው ይጠብቁ ይሆናል፤ ነገር ግን የተቆረጠው ቦታ ሁለት አዲስ ክፍት ጫፎችን ፈጥሯል፣ ምልክቱ በሁለቱም ወገን መንጠር ይጀምራል፣ ሁሉም ይቆማል። ኋላ የመጣው ቀጭኑና ርካሹ ገመድ እስከ 185 ሜትር ይዘረጋ ነበር፤ በዚያ ርዝመት ላይ አንድ የላላ ማያያዣ ሁሉንም ካቆመ ጥፋቱ የት እንዳለ የሚያመለክት ምንም ነገር የለም። በኔ ግምት ባስን የገደለው ከመቆረጡ ይልቅ የተቆረጠበት አለመታወቁ ነው።

በ1990 የጸደቀው 10ቤዝ-ቲ የተባለው የኢተርኔት ዓይነት ቅርጹን ለወጠው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ገመድ አለው፤ ርዝመቱ እስከ 100 ሜትር ነው፤ ገመዶቹ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ባለ ሳጥን ይገናኛሉ። ይህ ስታር (ኮከብ) ቶፖሎጂ ነው። አንድ ገመድ ቢቆረጥ የሚቋረጠው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ላይ ያለችው መብራት ስለምትጠፋም የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ገመዱ የስልክ ሽቦ ዘመድ መሆኑም ጠቀመው፤ የስልክ መስመሮች ቀድሞውኑ በየሕንፃው በኮከብ ቅርጽ ይዘረጉ ነበርና።

እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ፤ ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚስቱት ነጥብ ቀጥሎ ያለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች ሀብ ይባሉ ነበር። ሀብ በአንዱ ቀዳዳ የገባውን ምልክት በሌሎቹ ሁሉ ደግሞ ያወጣል እንጂ አድራሻ አያነብም። አንዱ ሲናገር አሁንም ሁሉም ይሰማል፤ ሁለት ቢናገሩ አሁንም ይጋጫሉ። ዓይን የሚያየው ኮከብ ነው፤ መረጃው የሚኖርበት ግን ያው አሮጌው ባስ ነው። ስለዚህ ሁለት ቶፖሎጂ እንለያለን። አንዱ ፊዚካል ቶፖሎጂ፣ ገመዱ የተዘረጋበት ቅርጽ ነው፤ ሌላው ሎጂካል ቶፖሎጂ፣ መረጃው በእርግጥ የሚሄድበት ቅርጽ ነው። አይቢኤም በ1985 ለገበያ ያቀረበው ቶከን ሪንግም እንዲሁ ነበር። ገመዶቹ ወደ አንድ ሳጥን ይሰበሰባሉ፤ የመናገር ፈቃድ ግን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ክብ እየዞረ ይተላለፋል።

የሀብን ቦታ የወሰደው ስዊች ሎጂካሉንም ኮከብ አደረገው። ስዊች የእያንዳንዱን መልእክት አድራሻ ያነባል። ማን በየትኛው ቀዳዳ፣ ማለትም በየትኛው ፖርት በኩል እንዳለ የሚነግረው ሰው የለም፤ ራሱ ይማራል። በፖርት 3 የገባ መልእክት የላኪው አድራሻ አለበትና «ይህ አድራሻ በ3 በኩል ነው» ብሎ ሰንጠረዡ ላይ ይመዘግባል። ተቀባዩን ካወቀ በዚያ ፖርት ብቻ ያወጣል፤ ካላወቀ በሁሉም ፖርት ይበትነዋል፤ ተቀባዩ ሲመልስም የሱን ቦታ ይማራል። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ገመድ የአንድ ኮምፒውተር የግል መንገድ ሆነ፤ ግጭትም ከኢተርኔት ጠፋ። «ካላወቀ ይበትነዋል» የምትለዋን ግን ልብ ይበሉ፤ ጥቂት ቆይታ ችግር ታመጣለች።

ግጭት ከሽቦ ቢጠፋም ዋይፋይ ላይ ግን አለ። አየሩን ሁሉም ይጋራዋል፤ አንድ ቻናል ላይ ያሉ ስልኮችና ላፕቶፖች ሁሉ በአንድ ባስ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ በተሰበሰበ ሕዝብ መሐል ዋይፋይ የሚጓተተውም በዚህ ነው። ነገሩ ወደ ምንጩ መመለስ ነው፤ ሜትካፍ ለኢተርኔት መነሻ ያደረገው በ1971 የሃዋይ ደሴቶችን በሬዲዮ ያገናኘውን አሎሃኔትን ነበርና።

ወደ ኮከብ እንመለስ። ድክመቱ ግልጽ ነው፤ ማዕከሉ ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ሁለተኛ ድክመትም አለው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ለመነጋገርም በማዕከሉ ማለፍ አለበት። ይህ በአንድ ቢሮ ውስጥ አይሰማም፤ ማዕከሉ ሲርቅ ግን ይሰማል። የኢትዮጵያን የወረዳ መሥሪያ ቤቶች የሚያገናኘው ወረዳኔት ሲዘረጋ ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ቪሳት የተባለው የሳተላይት ግንኙነት ነበር። በቪሳት የኮከብ አሠራር ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ወረዳ የሚሄድ ድምፅ መጀመሪያ 36,000 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጥቶ ማዕከሉ ወዳለበት ይወርዳል፤ ከዚያ እንደገና ወጥቶ ይወርዳል። በብርሃን ፍጥነት እንኳ ወደ ግማሽ ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ ይወስዳል፤ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አንዱ የሌላውን ቃል ለመንጠቅ የሚበቃ መዘግየት ነው።

አንድ ስዊች ለሕንፃው ካልበቃ የየፎቁን ስዊች ከአንድ ዋና ስዊች ጋር እናገናኛለን። ኮከብ በኮከብ ላይ ሲቀጠል ዛፍ ይሆናል፤ ትሪ ቶፖሎጂ የሚባለው ይህ ነው። ዛፍ ላይ በሁለት ኖዶች መካከል ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ከሱ በታች ያለው ሁሉ ይገነጠላል። «እንግዲያው ሁለተኛ ገመድ እንጨምር» ይላል ጤነኛ አእምሮ። ሁለተኛ ገመድ ሲጨመር ግን ቀለበት ይፈጠራል፤ ያቺ የበተና ጠባይም እዚህ ላይ ጉዷን ታሳያለች። ለሁሉም የተላከ አንድ መልእክት ቀለበቱ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ስዊች ይበትነዋል፣ ሁለተኛው ይበትነዋል፣ ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ይመጣና እንደገና ይበተናል። የኢተርኔት መልእክት ስንት ጊዜ እንደተላለፈ የሚቆጥር ነገር ስለሌለው የሚያስቆመው የለም። በሰከንዶች ውስጥ መስመሩ በቅጂዎች ይሞላል። አንድ ሰው የተንጠለጠለ ገመድ አይቶ በቅንነት ሁለቱንም ጫፍ አንድ ስዊች ላይ በመሰካቱ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሥራ ፈትቶ የዋለበት ታሪክ በየአገሩ አለ።

ለዚህ መላ ያበጀችው በ1985 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን በተባለው ኩባንያ ትሠራ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን ናት። ስፓኒንግ ትሪ የተባለው ፕሮቶኮል፣ ማለትም መሣሪያዎች የሚግባቡበት ደንብ፣ የሷ ነው። ስዊቾቹ መለያ ቁጥራቸውን ይለዋወጣሉ፤ ትንሹን ቁጥር የያዘው ሥር ይሆናል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ወደ ሥሩ የሚያደርሳቸውን አጭሩን መንገድ ይመርጣሉ፤ ቀለበት የሚፈጥሩትን ትርፍ ሊንኮች ገመዱ እንደተሰካ ይዘጓቸዋል። ፊዚካሉ ቀለበት አለው፣ ሎጂካሉ ንጹሕ ዛፍ ነው። ክፍት የነበረው መንገድ ሲቆረጥ የተዘጋው ይከፈታል። (ፐርልማን ሐሳቡን በአጭር ግጥም ጭምር ጽፋዋለች፤ ከመሐንዲስ የማይጠበቅ ነው።) የመጀመሪያው ስሪት መንገድ ለመለወጥ ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ የኋለኛው ግን በጣም ፈጥኗል። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ የተገዛው ሁለተኛ መስመር እስኪፈለግ ድረስ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ለአንድ መሥሪያ ቤት ይህ ይበቃል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮችን ለሚያስተዳድር ዳታ ሴንተር ግን አይበቃም። እርስዎ አንድ ገጽ ሲከፍቱ ጥያቄዎ ከውጭ አንድ ጊዜ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ሰርቨሮቹ እርስ በርሳቸው ብዙ ጊዜ ይጠያየቃሉ። በዛፍ ቅርጽ ይህ ጉዞ ሁሉ ሥሩ ላይ ባሉት ጥቂት ስዊቾች በኩል ማለፍ ስላለበት እዚያ ይጨናነቃል፤ እየገዘፈ የሚሄድ ስዊች መግዛት ደግሞ ዋጋው አይቻልም።

መልሱ የመጣው ከስልክ ዘመን ነው። በ1953 የቤል ላቦራቶሪው ቻርለስ ክሎስ ብዙ ትናንሽ ማገናኛዎችን በደረጃ በማያያዝ አንድ ግዙፍ የስልክ ማገናኛ እንዴት እንደሚሠራ በሒሳብ አሳይቶ ነበር። የዛሬው ስፓይን-ሊፍ (አከርካሪና ቅጠል) ቶፖሎጂ የዚያ ልጅ ነው። ታችኛው ረድፍ ላይ ሰርቨሮቹ የሚሰኩባቸው የሊፍ ስዊቾች አሉ፤ ላይኛው ረድፍ ላይ የስፓይን ስዊቾች አሉ። እያንዳንዱ ሊፍ ከእያንዳንዱ ስፓይን ጋር ይገናኛል፤ ሊፍ ከሊፍ፣ ስፓይን ከስፓይን ግን አይገናኙም። በተለያየ ሊፍ ላይ ያሉ ሁለት ሰርቨሮች ሁልጊዜ በሦስት ስዊች ብቻ ይደራረሳሉ፤ ቅርብ የሚባል፣ ሩቅ የሚባል የለም። አራት ስፓይን ካለ አራት እኩል መንገድ አለ፤ ጭነቱ በአራቱም ይከፋፈላል። አንዱ ስፓይን ቢሞት ኔትወርኩ ከአቅሙ ሩቡን ያጣል እንጂ አይቆምም። «ቀለበቱስ?» ካሉ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እዚህ ስዊቹ መንገዱን የሚመርጠው እንደ ራውተር የኢንተርኔት አድራሻን እያነበበ ነው፤ የኢንተርኔት ፓኬት (የመረጃ እሽግ) ደግሞ በየማለፊያው የሚቀንስ ቁጥር አለበትና ዜሮ ሲሆን ይጣላል።

አቅሙንም ማስላት ይቻላል። አንድ ሊፍ እያንዳንዳቸው 10 ጊጋ ቢት በሰከንድ የሚልኩ 48 ሰርቨሮች ካሉበት ከታች 480 ጊጋ ቢት ሊመጣ ይችላል። ወደ አራቱ ስፓይኖች የሚወጡት ሊንኮች እያንዳንዳቸው 40 ከሆኑ ወደ ላይ የሚያልፈው 160 ነው፤ ሦስት ለአንድ። ይህ ልክ ነው ወይስ ጠባብ? ሰርቨሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይናገሩም ብሎ የሚያምን ይቀበለዋል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያሠለጥን ግን አይቀበለውም፤ የሱ ማሽኖች በእርግጥ በአንድ ጊዜ ይናገራሉ።

ከዳታ ሴንተሩ ስንወጣ ጥያቄው የከተሞችና የአገሮች ይሆናል። ሁሉን ከሁሉ ማገናኘት፣ ሙሉ ሜሽ (መረብ) የሚባለው፣ በወረቀት ላይ ደስ ይላል፤ ነገር ግን 5 ኖዶች 10 ሊንክ፣ 10 ኖዶች 45፣ 100 ኖዶች 4,950 ሊንክ ይፈልጋሉ። ራንድ በተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ይሠራ የነበረው ፖል ባራን፣ የኑክሌር ጥቃትን የሚቋቋም የመገናኛ መረብ ሲያጠና፣ ሙሉ ሜሽ እንደማያስፈልግ በ1964 ባወጣው ሥራ አሳየ። እያንዳንዱ ኖድ ከጎረቤቶቹ ጋር ሦስት ወይም አራት ሊንክ ካለው መረቡ ከባድ ጉዳት ደርሶበትም የተረፉት ኖዶች አብዛኞቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ከአንድ ሊንክ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት መሄድ ብዙ ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። የዛሬው ኢንተርኔትም እንዲህ ያለ ከፊል ሜሽ ነው።

አሁን መጀመሪያ ላይ ችላ ያልነው ነገር ዕዳውን ሊጠይቅ መጥቷል። ንድፍ ላይ ሁለት መስመር ሁለት ነው። መሬት ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ቦይ ውስጥ ተቀብረው ሊሆን ይችላል፤ መንገድ የሚሠራ አንድ ኤክስካቫተር በአንድ ምት ሁለቱንም ይበጥሳቸዋል። ማርች 14 ቀን 2024 በአይቮሪ ኮስት ባሕር ዳርቻ፣ አቢጃን አካባቢ፣ ዋክስ፣ ሜይን ዋን፣ ኤስ እና ሳት-3 የተባሉ አራት የባሕር ሥር ኬብሎች በአንድ ቀን ተጎድተው በምዕራብ አፍሪካ ብዙ አገሮች ኢንተርኔት ተዳክሟል። ባለቤቶቻቸው የተለያዩ ነበሩ፤ በካርታ ላይም አራት መስመር ነበሩ፤ ባሕሩ ወለል ላይ ግን ጎረቤት ነበሩ።

ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከዓለም ጋር የምትገናኘው በጎረቤቶቿ፣ በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ነው። ሦስት በር መኖሩ የባራንን ምክር ይመስላል። ሆኖም ከጅቡቲ ወደ አውሮፓ የሚወጣው ትራፊክ ቀይ ባሕርን ማለፍ አለበት፤ በፌብሩዋሪ 2024 እዚያ ሦስት ኬብሎች ሲቆረጡ የብዙ አገሮች መስመር አንድ ላይ ተነክቷል። በኬንያ በኩል ሞምባሳ ደርሶ የአፍሪካን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ወደ ደቡብ የሚዞረው መንገድ ረጅም ነው፤ ጥቅሙ ግን እዚያው ጠባብ ባሕር ውስጥ አለመግባቱ ነው። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤትዎ «ሁለተኛ መስመር» የሚሸጥልዎት ሰው ሲመጣ ፍጥነቱን ከመጠየቅዎ በፊት ከመጀመሪያው መስመር ጋር የት የት ላይ አብሮ እንደሚሄድ ይጠይቁ። ሁለቱ ከሕንፃዎ የሚወጡት በአንድ ቱቦ ከሆነ የገዙት ሁለት ደረሰኝ ነው።

ተቃራኒውም ይሆናል፤ ገመዱ ሁሉ ደኅና ሆኖ ቅርጹ ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ተሰወሩ። አንድም ገመድ አልተቆረጠም። በጥገና ወቅት የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የኩባንያውን ዳታ ሴንተሮች የሚያገናኘውን የጀርባ አጥንት ኔትወርክ በሙሉ አወረደው። የኩባንያውን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉሙት ሰርቨሮች ከዳታ ሴንተሮቹ ጋር መገናኘት ሲያቅታቸው፣ ደኅና እንዳልሆኑ ቆጥረው፣ በተሠሩበት ደንብ መሠረት «ወደ እኛ የሚያደርሰው መንገድ ይህ ነው» የሚለውን ማስታወቂያቸውን ከኢንተርኔቱ አነሡ። ፊዚካል ቶፖሎጂው ሙሉ፣ ሎጂካል ቶፖሎጂው ባዶ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለንድፍ አውጪ ይበልጥ ያስተምራል። መሐንዲሶቹ ስሕተቱን ከሩቅ ማረም አልቻሉም፤ ለማረሚያ የሚጠቀሙባቸው መንገዶችና መሣሪያዎችም በዚያው ቀን አብረው ወድቀው ነበር። ሰዎች ወደ ዳታ ሴንተሮቹ በአካል ተልከው፣ ጥብቁን የጥበቃ ሥርዓት አልፈው፣ መሣሪያዎቹ ፊት መቆም ነበረባቸው። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ድርጅቶች ለመቆጣጠሪያ ብቻ የሚሆን ሌላ ትንሽ ኔትወርክ የሚዘረጉት፤ የራሱ ስዊች፣ ከተቻለም የራሱ ሞባይል ሞደም ያለው። የዚህኛው ፍጥነት አያሳስብም። የሚያሳስበው ከዋናው ኔትወርክ ጋር ምን እንደሚጋራ ነው፤ አንድ የኃይል መስመር፣ አንድ ቱቦ፣ ወይም ዋናው ሲወድቅ አብሮ የሚወድቅ አንድ የይለፍ ቃል ሰርቨር።